ያልተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚደግፍ ለጋሽ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል በገቢ አሰባሳቢነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሩቃን ዝርዝራችን ተደጋግሞ ተደውሎበት ደክሟል። አለቃዬ ‹ከዚህ በኋላ ምሩቅ ያልሆኑ ለጋሾችን አምጣ› ብሎኛል። ያሰብኩት በከተማው ላሉ ትልልቅ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች ደብዳቤ መላክ ነው፤ ለምሩቃን የምንልከውን ‹ለዩኒቨርሲቲዎ ውለታ ይመልሱ› የሚለውን ጽሑፍ ትንሽ አሻሽዬ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን ቡድናችን ሦስት ዓመት ሙሉ እየተሸነፈ ማን ይሰጠናል፣ መጀመሪያ ማሸነፍ አለብን ይላሉ። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ደብዳቤውን አይላኩ። ምንም ያህል ቢያሻሽሉት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። «ውለታ ይመልሱ» የሚባለው ውለታ ላለበት ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲዎ ያልተማረ ሰው ዲግሪ አልወሰደም፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አላገኘም፣ የሚመልሰው ነገር የለውም። እንዲያውም በወጣትነቱ አመልክቶ ሳትቀበሉት የቀራችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ፊት ነስቷቸው ቡድኑን ግን አንድ ቀን ያልተለዩ ደጋፊዎች በየስታዲየሙ አሉ።

ከደብዳቤው በፊት ግን ሐሳቡ ራሱ መታረም አለበት። ምሩቅ ያልሆነ ለጋሽ ሲባል የታየዎት ገና ተፈልጎ የሚገኝ እንግዳ ሰው ነው። ሰውዬው ብዙውን ጊዜ እንግዳ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየማችሁ ውስጥ ተቀምጧል፣ ኮፍያችሁን አድርጓል፣ መኪናውን በእናንተ ማቆሚያ ከፍሎ አቁሟል። ስሙና ስልኩ ትኬት ክፍል ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። እሱ እናንተን ያውቃል፤ የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ አይፕቴይ የሚባለው የደጋፊዎች ማኅበር የተቋቋመለት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር፤ መዋጮው በዓመት 10 ዶላር ብቻ፤ ለመግባት ምሩቅ መሆን አላስፈለገም። ኖትረዳም የተባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ከአርሚ (ከአሜሪካ ጦር አካዳሚ ቡድን) ጋር ሲጫወት ግቢውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ካቶሊክ ሠራተኞች በምድር ውስጥ ባቡር እየተጨናነቁ ይመጡለት ነበር፤ «የባቡሩ ምሩቃን» የሚል ስምም ወጥቶላቸዋል። የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል (የአሜሪካው ዓይነት እንጂ እግር ኳስ አይደለም) ስታዲየም ትኬት ከ1962 ጀምሮ ሳያልቅ የቀረበት ጨዋታ እንደሌለ ይቆጠራል። በግዛቱ በትልቁ ሊግ የሚጫወት የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የለም፤ ለገበሬውም ለመካኒኩም ለነርሷም ቡድናቸው የዩኒቨርሲቲው ቡድን ነው። ይህን ሁሉ ወንበር የሚሞላው የዲግሪ ባለቤት ብቻ እንዳልሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

እንዲህ ያለው ሰው የሚሰጥበት ምክንያት ከምሩቁ ይለያል። አንዱ አባቱ እየያዘው ይመጣ ስለነበር ነው። ሌላው ወደ ከተማው በሥራ ተዛውሮ ሲመጣ የመጀመሪያ ጓደኞቹን ያገኘው እዚያው መቀመጫ ረድፍ ላይ ነው። ሌላዋ ሴት ልጇን ወደ ቮሊቦል ጨዋታ ይዛ ትመጣለች፤ ልጅቷም ከጨዋታው በኋላ ፊርማ የሰጠቻትን ተጫዋች ስም አትረሳም። እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲውን እንደ ተቋም አይወዱትም፣ እንዲወዱትም መጠየቅ የለባቸውም። የሚወዱት ቡድኑን፣ ከተማቸውን፣ አንዳንዴም አንዲት አሠልጣኝን ነው። ስለዚህ የስጦታ ጥያቄው ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ በሚወጣ ቋንቋ ሳይሆን በመቀመጫው ረድፍ ቋንቋ መቅረብ አለበት፦ እነዚህ ልጆች ይህ ይጎድላቸዋል፤ ይህን ያህል ያወጣል፤ ያግዙናል ወይ?

«መጀመሪያ እናሸንፍ» የሚሉት ባልደረቦችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ድል ትኬት ይሸጣል፣ ስልክ የሚያነሳውን ሰው ቁጥር ይጨምራል፣ ትልቅ ለጋሽ ለሕንፃ የሚፈርምበትን ቀን ያፋጥናል። ነገር ግን በድል የመጣ ሕዝብ በሽንፈት ይሄዳል። ሦስት የሽንፈት ዓመታት ለገቢ አሰባሳቢ የሚሰጡት ድል የማይሰጠውን ነው፤ የእውነተኛውን ደጋፊ ስም ለይተው ያወጡለታል። ቡድኑ እየተሸነፈ የወቅት ትኬቱን (የውድድር ዘመኑን የሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ የሚያስገባውን) ያሳደሰ፣ ዝናብ እየዘነበ ከማይረባ ተጋጣሚ ጋር በተደረገ ጨዋታ ላይ የተገኘ ሰው ማን ነው? ይህን ማወቅ የሚቻለው አሁን ነው፤ ማሸነፍ ከጀመራችሁ በኋላ ሁሉም ሰው ታማኝ ይመስላል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የሚሄዱት ትኬት ክፍል ነው። የሚጠይቁት ዝርዝር የወቅት ትኬት ገዢዎችን ስም፣ ስንት ተከታታይ ዓመት እንዳሳደሱ፣ ስንት መቀመጫ እንደያዙና ትኬቶቻቸው በር ላይ በየትኞቹ ጨዋታዎች ስካን እንደተደረጉ የሚያሳይ ይሁን። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ትኬት ገዝቶ ለሰው የሚያድል ወይም መልሶ የሚሸጥ አለ፤ ገዝቶ ራሱ የሚመጣ አለ። ከዚያ ዝርዝሩን ከምሩቃን መዝገብ ጋር ያስተያዩና ምሩቃኑን ያውጡ። ከቀሩት ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ያሳደሱትን፣ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ጨዋታ የተገኙትንና እስከ ዛሬ አንድ ዶላር ስጦታ ያልተጠየቁትን ለይተው ይያዙ። ይህ ዝርዝር ረጅም አይሆንም፤ ባይረዝም ይሻላል። ትልቅ ኩባንያ የሚሸጠውን የሀብት መገመቻ መረጃ ለመግዛት አይቸኩሉ። ማን ቤት እንዳለው ይነግርዎታል፤ ማን ቡድኑን እንደሚወድ ግን አይነግርዎትም።

ከዚያ ይደውላሉ። ኢሜይል አይደለም፣ ስልክ ነው። በመጀመሪያው ጥሪም ገንዘብ አይጠየቅም። ጥሪው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከስፖርት ክፍሉ ነው የምደውለው። ትኬት ለመሸጥ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ነዎት፣ ባለፈው ኅዳር በዚያ ብርድም መጥተው ነበር። ማንም ደውሎ አመስግኖዎት ያውቃል?» ብዙዎቹ ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ማንም ደውሎላቸው አያውቅማ። ቀጥለው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «እንዴት ነው የዚህ ቡድን ደጋፊ የሆኑት?» ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። መልሱን ቃል በቃል ይጻፉት። አባት፣ ጎረቤት፣ ተጫዋች፣ ሙዚቃ ባንድ፣ የቀድሞ አሠልጣኝ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከሦስት ወር በኋላ ስጦታ ሲጠይቁ የሚጠይቁት ለዚያ ነገር ነው። ስለ አንዲት አሠልጣኝ ሲያወራ የዋለን ሰው «ለአጠቃላይ የስፖርት ፈንድ» ብሎ መጠየቅ ጥሪውን እንዳልደወሉት መቁጠር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ትንሽና ግልጽ ይሁን፤ ለምሳሌ የአንዲት ተጫዋች የአንድ ጉዞ ወጪ ወይም የክረምት ትምህርት ክፍያ። ስጦታው በደረሰ ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሚናገር አጭር መልእክት ይድረሳቸው። የሚችሉ ከሆነ መልእክቱን የምትጽፈው አሠልጣኟ ትሁን እንጂ እርስዎ አይሁኑ።

ከትኬት ዝርዝሩ ውጪ የማልዘላቸው ክበቦች አሉ። የቀድሞ ተጫዋቾች ወላጆች ከሁሉ ይቀድማሉ። ልጃቸው አራት ዓመት በእጃችሁ ያደገ ናቸው፤ ተመረቀ ተብሎ ግን ስማቸው ከመልእክት ዝርዝሩ ይሰረዛል። አሁን የሚጫወቱትን ልጆች ወላጆች ግን ለትልቅ ስጦታ ባይጠይቁ እመክራለሁ። ልጁ ተጠባባቂ ወንበር ላይ በተቀመጠ ቀን ስጦታው የቅሬታ ማስረጃ ይሆናል፤ አሠልጣኙም ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። ሌላው ክበብ የአንድ ስፖርት ቤተሰብ ነው። ትግል፣ ዋና፣ ቀዘፋና ቮሊቦል የሚወዱ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው የቱም ይሁን ስፖርቱ እንዳይዘጋ ይሰጣሉ። ነሐሴ 30 ቀን 2023 (በአውሮፓውያኑ ኦገስት) ነብራስካ የሴቶች ቮሊቦል ጨዋታን ፉትቦል ስታዲየሙ ውስጥ አድርጎ 92,003 ሰው ተመልክቶታል። የሴቶች ስፖርት ደጋፊ የለውም የሚል አለቃ ካለዎት ቁጥሩን ያሳዩት። እነዚህ ቡድኖች ትንሽ ገንዘብ የሚታይ ለውጥ ስለሚያመጣባቸው ለአዲስ ለጋሽ ከፉትቦል ይልቅ የተመቹ ናቸው።

አሁን ወደ ኩባንያዎቹ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ላም አለኝ በሰማይ ይሆኑና አንድ ዓመት በከንቱ ይሄዳል። ኩባንያ ሁለት ኪስ አለው። አንዱ የበጎ አድራጎት ኪስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለትምህርት ቤት፣ ለጤናና ለምግብ እርዳታ የተመደበ ስለሆነ ለስፖርት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው የማስታወቂያ ኪስ ነው፤ ይህ ለስፖርት ይከፈታል፣ ነገር ግን በምትኩ ሰሌዳ፣ የሬድዮ ማስታወቂያና መቀመጫ ይፈልጋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን የመሸጥ መብት እንደ ሊርፊልድና ፕሌይፍላይ ላሉ ድርጅቶች በውል ተላልፏል። ያንን ውል ሳያነቡ ለአንድ ነጋዴ «ስምዎን ሰሌዳ ላይ እናወጣለን» ካሉ የእርስዎ ያልሆነ ዕቃ ሸጠዋል ማለት ነው።

ስም መስጠትማ ከዚህ የባሰ መዘዝ አለው። ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ኬሪየር ከተባለው የአየር ማቀዝቀዣ አምራች 2.75 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ በማግስቱ ዓመት የተከፈተውን ስታዲየም በስሙ ጠራው፤ የጊዜ ገደብ ሳይቀመጥለት። ኩባንያው በኋላ ፋብሪካውን ከከተማው አወጣ፣ ስሙ ግን ጣሪያው ላይ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ቀይሮ ለሌላ ኩባንያ የሰጠው ከረጅም ውዝግብ በኋላ በ2022 ነው። ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1998 የከፈተውን ስታዲየም የጠራው በፓፓ ጆንስ ፒዛ ስም ነበር። የፒዛው ኩባንያ መሥራች ጆን ሽናተር የሉዊቪል ሳይሆን የቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ማለትም እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት ለጋሽ። በ2018 በስልክ ስብሰባ ላይ ዘርን የሚያንቋሽሽ ቃል መናገሩ ሲሰማ ዩኒቨርሲቲው ስሙን አነሳ። ከሁለቱ የምወስደው ምክር አጭር ነው፦ የስም ውል የሚያበቃበት ቀንና ስሙ የሚነሳበት ምክንያት ሳይጻፍበት አይፈረም። አዳራሽም ይሁን የልብስ መቀየሪያ ክፍል ልዩነት የለውም።

የግብሩን ነገር ሳያውቁ ስልክ አያንሱ። ከ1988 ጀምሮ የነበረው ሕግ ጥሩ መቀመጫ ለማግኘት ተብሎ ከሚከፈል «ስጦታ» 80 በመቶው ከግብር እንዲቀነስ ይፈቅድ ነበር። በ2017 የወጣው የግብር ሕግ ይህን ከ2018 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። ዛሬም ይህን የማያውቁ ደጋፊዎች አሉ፤ የማያውቁ ገቢ አሰባሳቢዎችም አላጣሁም። ስለዚህ የመቀመጫ መብት ክፍያንና እውነተኛ ስጦታን በአንድ ደረሰኝ አይቀላቅሉ። ለጋሹ ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምትኩ ዋጋ ያለው ነገር ካገኘ የጥቅሙን ግምት በጽሑፍ ማሳወቅ የእናንተ ግዴታ ነው፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ ከሚባለው የበጎ አድራጎት ሒሳብ የሚመጣ ገንዘብ ለመቀመጫ መብት ሊውል አይችልም። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ተኩል ያለፈ ደጋፊዎች ከአይአርኤ የጡረታ ቁጠባቸው በቀጥታ መስጠት ይችላሉ (ለ2025 ጣሪያው 108,000 ዶላር ነበር)፤ እሱም በምትኩ ጥቅም የማይገኝበት መሆን አለበት። ለእርስዎ ዝርዝር የሚበጀው አዲስ ነገር ከ2026 ጀምሮ ተቀናሾቻቸውን በዝርዝር የማያቀርቡ ግብር ከፋዮችም ለጥሬ ገንዘብ ስጦታ፣ ያላገባ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ መቻላቸው ነው። አብዛኛው የመቀመጫ ረድፍ ሰው ከዚህ ወገን ነው። ከዚህ ያለፈ የግብር ምክር ግን አይስጡ፤ ወደ ሒሳብ ባለሙያቸው ይምሯቸው።

ከምሩቃን ይልቅ ምሩቅ ያልሆኑትን የሚያደናቅፍ አንድ ሕግ አለ። ለስፖርት ክፍሉ የሰጠ ሰው በኤንሲኤኤ (የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚያስተዳድረው ማኅበር) ደንብ የተቋሙ የስፖርት ጥቅም ወኪል ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህ ስያሜም መስጠት ቢያቆምም አይነሳለትም። የሬስቶራንት ባለቤቱ በቅን ልቦና ገና እየተመለመለ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምሳ ቢጋብዝ ደንቡን የጣሰው ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ይቆጠራል፤ ዕዳው ለእናንተ ነው። ምሩቅ ይህን ከግቢው ወሬ ሊሰማ ይችላል፤ አዲሱ ለጋሽ ግን ካልነገሩት ከየት ያውቀዋል? ከመጀመሪያው የምስጋና ደብዳቤ ጋር በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ከደንብ ማስከበር ክፍሉ ይላክለት።

ታይትል ናይን የሚባለውን፣ በትምህርት ተቋማት በጾታ ማዳላትን የሚከለክለውን ሕግም አይርሱ። ገንዘቡ ከግል ለጋሽ መጣ ማለት የ1972ቱ ሕግ አይመለከተውም ማለት አይደለም። ለጋሹ ለወንዶች ቤዝቦል ዘመናዊ የልምምድ ቤት ከሠራና የሴቶች ሶፍትቦል እንደድሮው ከቀረ ልዩነቱን የማስተካከሉ ኃላፊነት የዩኒቨርሲቲው ነው። ስጦታው ከመፈረሙ በፊት ይህ ይታይ።

በጥሪው መሃል የሚመጣብዎት ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ «ገንዘቤ ለተጫዋች ደመወዝ ነው እንዴ የሚሄደው?» ተጫዋቾች ኤንሲኤኤን ከስሰው የተደረሰበትና ሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የሃውስ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ከጁላይ 1 ጀምሮ በቀጥታ ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የእናንተ ተቋም በስምምነቱ ገብቷል አልገባም? ከገባ ስንት ይከፍላል? የሚከፍለውስ ከየትኛው ገቢ ነው? ይህን ከአለቃዎ በጽሑፍ ይውሰዱና ሳይሸፋፍኑ ይንገሯቸው። ይህ ሥርዓት የሚያናድዳቸው አሉ፤ ደስ የሚላቸውም አሉ። ሁለቱም የሚሸሹት መልሱን የሚያድበሰብስ ሰው ነው። ከዩኒቨርሲቲው ውጪ ሆነው ለተጫዋቾች ገንዘብ የሚያሰባስቡ ቡድኖችን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) በ2023 ባወጣው ማስታወሻ ብዙዎቹ ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመባል እንደማይበቁ ገልጿል። ለእነሱ የሚሰጥ ገንዘብ ከግብር ይቀነሳል ብለው ከአፍዎ እንዳይወጣ።

ከቤት ውስጥ የሚመጣውም እንቅፋት ቀላል አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ዋና የልማት ቢሮ (ለዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ ስጦታ የሚያሰባስበው) አንዳንዶቹን ስሞች ለሆስፒታሉ ወይም ለቢዝነስ ፋኩልቲው ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ከመደወልዎ በፊት አሳይተው ፈቃድ ያግኙ፤ አንድ ለጋሽ በአንድ ሳምንት ከሁለት ቢሮ ሲደወልለት ሁለቱም ያጡታል።

ይህ መንገድ የማይሠራውንም ልንገርዎት። የዚህን ዓመት የበጀት ጉድለት አይሞላም። የምሩቃን ፕሮግራሙን አይተካም፤ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2005 መጨረሻ ከነዳጅ ባለሀብቱ ቲ ቡን ፒከንስ ያገኘው የ165 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የመጣው ከራሱ ምሩቅ ነው፤ የዚያ ዓይነቱ ትልቅ ስጦታ ወደፊትም በብዛት ከዚያው በኩል ይመጣል። ምሩቅ ያልሆነው ደጋፊ መጀመሪያ ትንሽ ይሰጣል፣ ቀስ ብሎ ያሳድጋል፤ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያስረው ቦታው ነው።

የምመክርዎት እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ወቅት የኩባንያ ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። ከትኬት ዝርዝሩ የሚወጡትን ሰዎች ብቻ ይያዙ፣ ከወንዶች ፉትቦል ውጪ አንድ ቡድን ይምረጡ፤ አሠልጣኟ በስልክና በመልእክት የምትተባበር መሆኗ ቡድኑ ከሚያሸንፈው በላይ ይጠቅማል። የምስጋና ጥሪው ወቅቱ ሳያልቅ ይጠናቀቅ፤ የስጦታ ጥያቄው ደግሞ ትኬት የሚታደስበት ደብዳቤ ከመውጣቱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይሁን፣ አለበለዚያ ሰው ስጦታውን የትኬት ዋጋ ጭማሪ አድርጎ ያየዋል። ለአለቃዎ በወሩ መጨረሻ የሚያቀርቡት ቁጥር የተሰበሰበው ዶላር አይሁን፤ ስንት ሰው እንደተደወለለትና ስንቱ «እንዴት ደጋፊ ሆኑ?» ለሚለው ጥያቄ የተጻፈ መልስ እንዳለው ያሳዩት። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ለጋሾች ስንቱ ደግሞ እንደሰጠ። አለቃዎ ይህን እስከ ሁለተኛው ዓመት ለመጠበቅ ካልተስማማ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ይወቁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተቋርጦ ደጋፊዎቹ እንደገና ወደ ዝምታው ከሚመለሱ ባይደወልላቸው ይሻላል።